ቨርቹዋል ማሽን ላላችሁ፦ የዩኤስቢ ፕሪንተር ወይስ የኔትወርክ?

ሰሞኑን ጅማ ያሉ የሂሳብ ሠራተኛ ጓደኞቼ ጥያቄያቸው አንድ ሆኗል። ኮምፒውተሩ ወደ ዊንዶውስ 11 አደገ። የቆየው የሂሳብ ፕሮግራም ፒችትሪ፣ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ውስጥ ባለው ዊንዶውስ 7 ላይ ይከፈታል። ቫውቸሩ ግን አልታተም አለ። ምን ፕሪንተር እንግዛ?

እኔ ያገለገለ ኤችፒ ፒ2055ዲኤን ግዙ እላለሁ። አዲሱን ካኖን ኤልቢፒ6030 ተዉት።

ካኖኑ ያለው ዩኤስቢ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ወይ ዋናው ዊንዶውስ ይይዘዋል ወይ ቨርቹዋል ማሽኑ፤ እኩል አይካፈሉትም። ከዋናው ሼር እናድርገው ብትሉ፣ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) የዊንዶውስ የደኅንነት ማስተካከያ ወዲህ በ11ቢ የሚያልቅ የስህተት ቁጥር የገጠመው ብዙ ነው። ኤችፒው ግን የኔትወርክ ነው፤ የራሱ አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚገኝበት ቁጥር) አለው። ቨርቹዋል ማሽኑ በፖርት 9100 (ፕሪንተሩ ኅትመት በሚቀበልበት የኔትወርክ በር) በቀጥታ ይልክለታል፤ ዋናው ዊንዶውስ መሀል አይገባም። አድራሻውን ቋሚ አድርጉት። አለዚያ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ሌላ ቁጥር ይሰጠውና ኅትመቱ እንደገና ይቆማል።

አሁን ወደ ብሩ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የፕሪንተሩን ዋጋ ብቻ አይቶ መግዛት አያዋጣም፤ ኪስ የሚያራቁተው ቶነሩ (የቀለም ዱቄት ያለበት ካርትሪጅ) ነው። የካኖኑ ቶነር፣ 725 የሚባለው፣ በፋብሪካው ስሌት 1,600 ገጽ ያትማል። የኤችፒው ቶነር፣ 05ኤክስ የሚባለው፣ 6,500። አንዱን 05ኤክስ በሦስት 725 ዋጋ ቢሉኝ እንኳ ዓይኔን ሳላሽ እገዛለሁ፤ ሦስቱ ቢደመሩ 4,800 ገጽ ነው።

ግን ተጠንቀቁ። ፋርማሲ ያለው ጓደኛዬ "05ኤክስ" የሚል ካርቶን በርካሽ አገኘሁ ብሎ ገዛ። ውስጡ የነበረው ትንሹ 05ኤ ነው፣ 2,300 ገጽ። እሱም ተሞልቶ የተሸጠ፤ ዱቄቱ ፈሶ ወረቀቱን ሁሉ አመድ አስመሰለው። ካርቶኑን ሳታስከፍቱ አትክፈሉ።

ፕሪንተሩንም ከጀርባው እዩት። ፒ2055ዲ የሚባል መንታ አለው፤ የኔትወርክ ሶኬት የለውም፤ ሻጩ ግን "ያው ነው" ይላችኋል። ያው አይደለም። ሶኬቱ ካለ ኮንፊገሬሽን ገጹን አሳትሙ፤ እስካሁን ስንት ገጽ እንዳተመ እዚያው ይጽፋል። ብዙ ከሠራ ወረቀት የሚስበውን ጎማና የፊውዘሩን (ዱቄቱን በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀውን ክፍል) ፊልም ማስቀየሪያ ከዋጋው አስቀንሱ። ዕቃው ጅማ ከጠፋ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው፤ የአውቶቡሱንም ጨምራችሁ አስሉ።

ቨርቹዋል ማሽን የሌላችሁ፣ በወር ጥቂት ገጽ የምታትሙ፣ ካኖኑን ውሰዱ። ይበቃችኋል።