የፈረሰው ማዋለጃ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፦ በከተማችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አገልግሎት ላይ የቀረበ አስተያየት

በሰሜን ሸዋ በምትገኘው ከተማችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ዛሬ ለሚወለዱ ሕፃናት የሚሰጠው አገልግሎት የሚያስመሰግን ነው፤ በድሮው ማዋለጃ ለተወለድነው የሚሰጠው አገልግሎት ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ይህን የምጽፈው ለታናሽ እህቴ የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ከእናታችን ጋር ስመላለስ ከከረምኩ በኋላ ነው። እህቴ ፓስፖርት ለማውጣት ስትነሣ የልደት ምስክር ወረቀት ተጠየቀች፤ የተወለደችበት ሕንጻ ፈርሷል፣ የወሊድ መዝገቡም የለም። በዚሁ ጉዳይ የሚንገላቱ የአገሬ ልጆች ብዙ መሆናቸውን በወረፋው ላይ ስላየሁ፣ መልካሙንም ጉድለቱንም እንዳገኘሁት አቀርበዋለሁ።

ማዋለጃው የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ በባሕር ዛፍ የተከበበ ረጅም ሕንጻ ነበር። ከከተማው ብቻ ሳይሆን ከመንዝ ደጋና ከጣርማበር ሥር ካሉት ቀበሌዎች ጭምር ምጥ የጠናባቸው ሴቶች በቃሬዛ ይመጡበት ነበር። ቃሬዛውን የተሸከሙት ወንዶች ከባሕር ዛፉ ሥር እሳት አንድደው ያድራሉ፤ ሴቶቹ በር ላይ ቆመው “ማርያም፣ ማርያም” ይላሉ፤ ለወንድ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ሲባል በግቢው ያለ ሰው ሁሉ ምን እንደተወለደ ያውቃል። የደጋው ብርድ ለአራስ ስለሚከብድ የመንዝ ባና ከቤት ይዞ መምጣት ግድ ነበር። በማግስቱ አጥሚቱ በፔርሙዝ፣ ገንፎው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይደርሳል፤ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” የማይል ጠያቂ የለም። እናታችን ሁላችንንም የተገላገሉት እዚያ ነው፤ ሕንጻው ለአዲስ ግንባታ በፈረሰ ጊዜ ቆርቆሮው፣ በሩና መስኮቱ ተቆጥሮ ሲወጣ መዝገቦቹን ቆጥሮ የተረከበ ሰው እንዳልነበረ ያወቅነው ግን ዘግይተን ነው።

ምን እንደጠፋ በትክክል ያስረዱኝ በዚያ ቤት ለረጅም ዘመን አዋላጅ ሆነው ያገለገሉና አሁን በጡረታ ላይ ያሉ ሲስተር ናቸው። መዝገቡ ሰፊና ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ለእያንዳንዱ ወሊድ አንድ መስመር የሚሰጥ ነበር። በመስመሩ ላይ ተራ ቁጥሩ፣ የእናቲቱ ስም ከነአባቷ፣ ዕድሜዋና የመጣችበት ቀበሌ፣ ስንተኛ ወሊዷ እንደሆነ፣ በምጥ ወይስ በመሣሪያ እርዳታ እንደወለደች፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የሕፃኑ ጾታና ክብደቱ በግራም፣ በመጨረሻም ያዋለደችው ባለሙያ ፊርማ ይሰፍራል። የሕፃኑ ስም ግን አይገኝበትም፤ አራስ ከማዋለጃ በምትወጣበት ሰዓት ስም ገና አልወጣማ። በክርስቲያኑ ቤት ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ የክርስትና ስሙም ያን ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ መዝገቡ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ቢገኝ እንኳ የሚፈለገው በእናት ስምና በወሊድ ቀን ነው። ጉዳዩን የሚከታተል ሰው ይህን ከወዲሁ ሊያውቅ ይገባዋል፤ እኛ በሄድንበት መዝገብ ቤት በመጀመሪያ የተጠየቅነው የእህቴን ስም ነበር፤ በዚያ ስም ደግሞ የትኛውም የወሊድ መዝገብ አይገለጥም።

የዚያ አንድ መስመር መጥፋት ይህን ያህል የሚጎዳው ሌላ የመንግሥት መዝገብ ስላልነበረን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ስለሚጻፍበት የክብር መዝገብ በዝርዝር ቢደነግግም፣ ያ ክፍል በሥራ ላይ ሳይውል ለአሥርት ዓመታት ቆይቷል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል ልደታቸው የተመዘገበው ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት የተወለደ የሸዋ ሰው ለልደቱ ማስረጃ የሚሆነው የማዋለጃው መስመር፣ የቤተ ክርስቲያን የክርስትና ወረቀት፣ ከእነዚህም ሁሉ በላይ የእናቱ ቃል ነው።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ልመለስ። አቀባበላቸው ጥሩ ነው። የተቀበለችን ወጣት ሠራተኛ ከወንበሯ ተነሥታ “እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ” በማለት እናታችንን ከወረፋው አውጥታ አስቀመጠቻቸው፤ ጉቦ የጠየቀን፣ ያመናጨቀን ሰው የለም፤ ክፍያውም በደረሰኝ ነው። ችግሩ የተነሣው ማስረጃ ሲጠየቅ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከተወለደችበት የጤና ተቋም ደብዳቤ እንድናመጣ አዘዘን፤ ተቋሙ ደግሞ ሕንጻው ሲፈርስ ሰነዶቹ የት እንደገቡ እንደማይታወቅ ገልጾ፣ ማረጋገጫ ለመስጠት እንደማይችል በደብዳቤ መለሰ። ያን ደብዳቤ ይዘን ስንመለስ “ይህማ ማስረጃ የለም የሚል ማስረጃ ነው” ተባልን። ይህን ቃል የተናገሩትን ኃላፊ አልወቅስም፤ እጃቸው ላይ ያለው ቅጽ ሌላ መንገድ አያሳያቸውም። እናቶችን ግን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው የሚያንከራትተው ይኸው አሠራር ነው።

እናታችን የሰጡት ቃል ይህ ነበር። “ለኅዳር ሚካኤል አጥቢያ ነው የተገላገልኳት፤ እሑድ ለሰኞ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ጠዋት አካባቢው ኅዳር ሲያጥን ጭሱ በመስኮቱ ገብቶ ሲስተሯ መስኮቱን ዘጋችልኝ። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቀርቶት ነበር።” ሠራተኛዋ በትዕግሥት ሰምታ “እሑድ ሌሊት” የሚለውን ይዛ ኅዳር 11 ብላ መዘገበች። እናታችን አልተቀበሉም፤ “ልጄ፣ አጥቢያው የሚካኤል ነው አልኩሽ እኮ” አሏት።

ቃላቸው በቁጥር ሲፈተሽ የሚሆነውን ላሳይ፤ የአስተያየቴ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነውና። ደርግ የወደቀው ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ወደ ኋላ ሲቆጠር ኅዳር 1981 ይመጣል። አብሮን የነበረ የደብሩ አገልጋይ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ወዲያው አሰላው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 1981 ሲደመር 7481 ይሆናል፣ ለአራት ሲካፈል 1870 ይደርሳል፣ ሁለቱ ሲደመሩ 9351 ይመጣል፣ ለሰባት ሲካፈል ስድስት ይተርፋል፤ ስድስት ከተረፈ መስከረም 1 እሑድ ይውላል። ከእሑድ ተነሥቶ ሲቆጠር የ1981 ዓ.ም. ኅዳር 12 የሚውለው ሰኞ ነው። ጭሱም ቢሆን በዚያ ቀን የሚጠበቅ ነው፤ በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ወዲህ ቆሻሻ ሰብስቦ የማጠን ልማድ የሚከናወነው በኅዳር 12 ነውና። በዓሉ፣ የሳምንቱ ቀን፣ ዘመኑና ጭሱ፣ አራቱም ሳይጠያየቁ አንድ ቀን ላይ ተገናኙ። በፈረንጆች አቆጣጠርም ኖቬምበር 21 ቀን 1988 ይሆናል፤ ያም ሰኞ ነው። ኃላፊው ስሌቱን ራሳቸው ደግመው ካዩ በኋላ ቀኑ እንዲታረም አዘዙ፤ ለዚህ ከልብ አመሰግናቸዋለሁ። የማዝነው ቃሏን የሚያሰላላት ሰው አጠገቧ የሌላት እናት በኅዳር 11 ተስማምታ ትሄድ እንደነበር ስለማውቅ ነው።

ስለዚህ ለጽሕፈት ቤቱ የማቀርበው ሐሳብ ለእንዲህ ያለው ቃል የተዘጋጀ ቅጽ እንዲኖረው ነው። አሁን ያለው ቅጽ “ቀን፣ ወር፣ ዓመት” ብሎ ባዶ ቦታ ያስቀምጣል፤ እናቶቻችን ግን ቀንን የያዙት በበዓል፣ በአጥቢያ፣ በመኸርና በመንግሥት ለውጥ ነው። ቅጹ በየትኛው ታቦት ቀን ወይም በየትኛው የእስልምና በዓል አካባቢ እንደተወለደ፣ የሳምንቱን ቀንና ሰዓቱን፣ ያዋለደውን ሰው፣ በአጠገብ አልጋ ማን ተኝታ እንደነበር ቢጠይቅ መልሱ እርስ በርሱ የሚጣራ ይሆናል። የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ሊናቅ አይገባውም። እናታችን በጎናቸው የተኛችውን የመንዝ ሴት እስከ ዛሬ በስሟ ያነሷታል፤ እሷም በዚያው ሌሊት ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ የሁለቱ ቃል ጎን ለጎን ቢቀመጥ ከጠፋው መዝገብ ሁለት መስመር ተመለሰ ማለት ነው። የእያንዳንዷ እናት ቃል በአንድ ደብተር ቢሰበሰብ በርካታውን መስመር መልሶ ማግኘት ይቻላል፤ ይህ ደግሞ ከወረቀትና ከአንድ ታጋሽ ሠራተኛ በቀር ወጪ የለውም።

ጡረተኛዋን ሲስተር ምስክር አድርገን ባቀረብን ጊዜ “ማኅተም የላቸውም” ተብሎ ቃላቸው ሳይጻፍ ቀረ። በአገልግሎቱ ውስጥ ካየሁት ጉድለት ሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ነው። መዝገቡ ላይ ፊርማቸውን ያኖሩ የነበሩት እኚሁ ሴት ናቸው፤ የመንታ ወሊዶቹን፣ ደም የፈሰሳቸውን እናቶች፣ ከነቃሬዛቸው ዘግይተው የደረሱትን ሳይቀር እስከ ዛሬ በቀበሌያቸው ለይተው ያስታውሳሉ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ እንኳ የልደት ምስክር ወረቀት በማይኖርበት ጊዜ የአንድን ሰው ልጅነት፣ ቤተሰብና ማኅበረሰብ እንደ ልጅ ሲያየው በመኖሩ ማስረዳት እንደሚቻል ይቀበላል። ድንጋጌው የሚመለከተው የልጅነትን ማስረጃ እንጂ የልደት ቀንን አይደለም፤ ሆኖም ሕጉ የሰው ምስክርነትን በዚህ ያህል ካከበረ፣ ያዋለደች ባለሙያ ቃል ስለ ልደት ቀን ተጽፎ ለመያዝ እንዴት ያንሳል? ሲስተር አርጅተዋል፤ ነገ ዛሬ ሳይባል ቃላቸው መጻፍ አለበት።

ሌላም ያየሁት ነገር አለ። የማዋለጃው ሰነድ ሲታጣ ሠራተኞቹ ቀጥለው የሚጠይቁት የክርስትና ወረቀት ነው። ከይፋት በኩል የመጣች ሙስሊም እናት በወረፋው ከፊታችን ነበረች፤ ለልጇ የሚጠየቀው ወረቀት በእምነቷ የሌለ ሲሆን፣ በምትኩ ምን እንደምታመጣ የነገራት አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ ቤታቸውን ጥለው የተሰደዱ ቤተሰቦችም ቤት ውስጥ የነበረውን ወረቀት ይዘው እንዳልወጡ መታሰብ አለበት። አማራጭ ማስረጃዎቹ ሁሉንም በሚያካትት መልኩ ተዘርዝረው በር ላይ ቢለጠፉ ብዙ እንግልት ይቀራል።

ለአዲስ ሕፃናት የሚሰጠውን አገልግሎት ያመሰገንኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የጎረቤቴ ልጅ በቅርቡ በጤና ተቋም ስትገላገል ከመውጣቷ በፊት የልደት ማሳወቂያ ተጽፎ ተሰጣት፤ ሕጉ በሚፈቅደው 90 ቀን ውስጥ ወደ ክብር መዝገብ ሹሙ ወስዳ ያለ ጭቅጭቅ ምስክር ወረቀቱን ወሰደች። ሆኖም ይህም ሰንሰለት የሚጀምረው ከማዋለጃ ክፍል መዝገብ ነው፤ የጤና ተቋም ሕንጻ ሲፈርስ ወይም ሲዛወር መዝገቦቹ በዓመትና በቁጥር ተዘርዝረው፣ በሁለት ወገን ፊርማ ተረካክበው፣ ቅጂያቸው ለወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤቱ መሰጠት ይኖርበታል። ከንብረት ርክክብ ቅጽ ላይ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ይበቃል።

በፈረሰው ማዋለጃ የተወለዳችሁና ወደዚህ ጽሕፈት ቤት የምትሄዱ ሁሉ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የእናታችሁን ቃል በበዓሉ፣ በሳምንቱ ቀንና በሰዓቱ ጽፋችሁ በቀን መቁጠሪያ አመሳክሩት፤ የክርስትና ወረቀት ወይም የድሮ ክትባት ካርድ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ በአጠገባችሁ የተወለደ ሰው የምታውቁ ከሆነ እሱንም እናቱንም ለምስክርነት ለምኗቸው። የምስክር ወረቀቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ስለሚጻፍ ማኅተሙ ከማረፉ በፊት ስማችሁን በፊደል በፊደል፣ ቀኑንም በሁለቱም ወገን አንብቡ፤ ማኅተም ካረፈ በኋላ ማስተካከል ሌላ ማመልከቻና ሌላ ወረፋ ይጠይቃል። እናታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ጉዳዩን ለከርሞ አታሳድሩት።