ለሳይክል የፊት ቦርሳ ይሻላል ቅርጫት? ከሀዋሳ ልብስ ሰፊ የተጻፈ

ሁለቱንም ገዝቼ ሠርቼባቸዋለሁ፤ ስለዚህ ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ዕቃ የምትጭኑ ከሆነና መንገዳችሁ እንደ እኔ ግማሹ አስፋልት ግማሹ ኮብልስቶን ከሆነ ቅርጫት ግዙ። የፊት ቦርሳ ያምራል፣ ይዘጋል፣ አቧራ አያስገባም፤ ሸክም ግን ሥራው አይደለም። መተዳደሪያዬ ስፌት ስለሆነ ጨርቅና ክር የት ላይ እንደሚደክሙ በጣቴ አውቀዋለሁ፤ የምናገረውም ከዚያ ተነስቼ ነው።

አቶቴ ውስጥ ትንሽ የስፌት ቤት አለችኝ። ጨርቅና ክር ከፒያሳ አመጣለሁ፣ ያለቀ ቀሚስ ደንበኛ ቤት አደርሳለሁ፣ ስመለስ ለቤት የጎደለውን ይዤ እገባለሁ። ሀዋሳ ሜዳ ናት፤ ታቦር ወይም አላሙራ ተራራ ካልወጣችሁ በቀር ትንፋሽ የሚያሳጥር ዳገት የለም። ተማሪውም፣ አስተማሪውም፣ ነጋዴውም ሳይክል ላይ የሚታየው ለዚህ ነው። የኋላው መጫኛ በእኔ ቤት የተያዘ ነው፤ ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሳት እዚያ ላይ አስቀምጬ ነው። ስለዚህ ዕቃው ሁሉ ወደ ፊት መጣ፤ ምርጫውም በቦርሳና በቅርጫት መካከል ሆነ።

በመጀመሪያ የገዛሁት ቦርሳውን ነው። ከውጭ የገባ፣ ጥቁር፣ ወፍራም ፖሊስተር፣ ውስጡ ውሃ እንዳያስገባ የተቀባ። ዋጋው የቅርጫቱን እጥፍ ያህል ነበር። መሪው ላይ የሚታሰር የፕላስቲክ መያዣ አለው፤ ቦርሳው እዚያ ላይ ቀጭ ብሎ ይገባል፤ ስትፈልጉ አንዲት ቁልፍ ተጭናችሁ ታነሱትና ትከሻችሁ ላይ ታንጠለጥሉታላችሁ። ይህን አሠራር ሳላደንቅ አላልፍም። ባንክ ስገባ፣ ደንበኛ ቤት ስገባ፣ ስልኬም ገንዘቤም ሜትሬም መቀሴም አብረውኝ ይገባሉ። ሳይክል ለጥበቃ አደራ ይባላል፤ ገንዘብ ያለበት ዕቃ ግን አደራ አይባልም።

ቤት ወስጄ ገልብጬ ስፌቱን አየሁት። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ እዚያ የጥራት ቁጥጥር ላይ ሠርቼ ስለነበር፣ እጄ የገባውን ዕቃ ሁሉ ገልብጦ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። ክሩ ፖሊስተር ነው፤ ጥሩ ነው፣ የጥጥ ክር ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ቶሎ ይበሰብሳል። ማንገቻው የተያያዘበት ቦታ በአራት ማዕዘን ተሰፍቶ መሐሉ በመስቀል ተደግሟል፤ ይህም ጥሩ ነው። ዚፑ ግን ቁጥር 5 ናይሎን ነው። ቁጥር 5 ለጃኬት ይበቃል፤ አቧራ በሚጠጣና ሞልቶ በሚወጠር ቦርሳ ላይ ግን ቁጥር 8 መግባት ነበረበት። በበጋ አቧራው ጥርሶቹ መሐል ሲገባ ዚፑ እየነከሰ መሄድ ጀመረ፤ በሻማ እያሸሁ ነው ያቆየሁት። ትልቁ ጉድለት ግን ከዚህም የባሰ ነው። ጨርቁ ተቀብቷል፣ ስፌቱ ላይ ግን ከውስጥ በኩል የተለጠፈ ምንም ነገር የለም። ጨርቅ የቱንም ያህል ቢቀባ፣ መርፌ የበሳው ቀዳዳ ሁሉ የውሃ መግቢያ ነው።

እንደፈራሁትም ሆነ። ሐምሌ ውስጥ ለምርቃት የታዘዘ ነጭ የሽፎን ቀሚስ ይዤ ወደ ሐይቅ ዳር ስሄድ ዝናብ ያዘኝ። ከላይ የወረደውን ጨርቁ አንድ ጠብታ አላሳለፈም። ከታች ግን የፊት ጎማዬ ፓራፋንጎ አጭር ስለሆነ የመንገዱን ጭቃ እየረጨ የቦርሳውን የታችኛውን ጠርዝ ሲመታው ነበር። በስፌቱ ሰርጎ ቀሚሱ ጫፍ ላይ ቡናማ መስመር አስምሮ ጠበቀኝ። ደንበኛዬ በር ላይ ቆማ ስታየው የተሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው። እዚያው ቤቷ አጥቤ ተኩሼ ሰጠኋት፤ የቦርሳው ነገር ግን የዚያን ዕለት አከተመ።

ከውሃው ይልቅ የማይታለፈው ግን ክብደቱ ነው። ቦርሳው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ከ5 ኪሎ በላይ አትጫኑ ይላል፤ መሪ ላይ የሚንጠለጠሉ ቦርሳዎች በአብዛኛው ከዚህ ብዙ አይርቁም። 5 ኪሎ ማለት ለእኔ አንድ ጥቅል ጨርቅ፣ ትንሽ ሽንኩርትና አንድ ሊትር ዘይት ነው። ደግሞም ዝም ብሎ የተቀመጠ 5 ኪሎ አይደለም። ኮብልስቶን ላይ ጎማው በዘለለ ቁጥር ይነሳና ይወድቃል፤ ሲወድቅ የሚይዘው መሪው ላይ የታሰረችው ያቺው የፕላስቲክ መያዣ ብቻ ናት። መያዣዋ ቀስ በቀስ ወደ ታች ትዞራለች፣ ቦርሳው ያጎነብሳል፣ ሆዱ ፓራፋንጎውን ይፈጋል። ከኋላው በኩል ደግሞ የፍሬኑን ገመድ ተጭኖ ያጥፈዋል። የታጠፈ ገመድ የፍሬኑን እጀታ ስትለቁት ቶሎ አይመልሰውም፤ ፍሬኑ ጎማውን እንደያዘ ይቀራል። ልጅ ከኋላ አስቀምጦ ይህን መታገስ አይቻልም።

ሰፈራችን መንገድ ዳር ሳይክል የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ። ፍሬኑን ሊያስተካክሉልኝ አጎንብሰው ቦርሳውን አዩና፣ «ልጄ፣ ሸክሙን መሪው ላይ አታንጠልጥዪው፤ ጎማው ይሸከምልሽ» አሉኝ። «እንዴት አድርጎ ጋሼ?» ስላቸው ግድግዳው ላይ የተደገፈ አንድ አሮጌ ፎኒክስ ሳይክል አሳዩኝ። ከቅርጫቱ ታች ሁለት ቀጫጭን ብረቶች በግራና በቀኝ ወርደው የፊት ጎማው በሚታሰርበት ብሎን ላይ ገብተዋል፣ ከላያቸው ዳዶው ጠብቋል። አልገባው ያለ ሰው ካለ እዚህ ላይ አንድ ደቂቃ ይቁም፤ ነገሩ ሁሉ ያለው በእነዚህ ሁለት ብረቶች ላይ ነው። የቅርጫቱ ክብደት በብረቶቹ ወርዶ በቀጥታ ጎማው ላይ ያርፋል። መሪው ቅርጫቱ ወደ ፊት እንዳይደፋ ይይዘዋል እንጂ አይሸከመውም። ገመድ የሚጫን ነገር የለም፣ የሚዞር መያዣ የለም፣ ኮብልስቶን ላይ ቅርጫቱ ከሳይክሉ ጋር አንድ ላይ ይነሳል፣ አንድ ላይ ይወርዳል።

ገበያ ላይ እነዚህ ብረቶች የሌሏቸው ቅርጫቶችም አሉ፤ መሪው ላይ በሁለት መንጠቆ ብቻ የሚሰቀሉ። እነሱን አትግዙ። የቦርሳውን ችግር ሁሉ ይዘው የቦርሳውን መዝጊያ የላቸውም።

የእኔን ቅርጫት የገዛሁት ከመናኸሪያ አካባቢ ከአንድ የሳይክል መለዋወጫ ሱቅ ነው። የሽቦ ነው፣ ላዩ በጥቁር ፕላስቲክ የተለበጠ። ስትገዙ ጣታችሁን አፉ ዙሪያ አስኪዱ፤ ሽቦው የተበየደበት ጫፍ ሹል ሆኖ ከቀረ ጨርቅ ይመዛል፣ እጅም ይቧጥጣል። ከዚያ የታችኛውን መረብ እዩ። ዓይኑ ሰፊ ከሆነ ቁልፍ፣ ክር፣ የልጅ እርሳስ ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ብረቶቹ ቅርጫቱን የሚይዙበት ቦታ ላይ ደግሞ ብሎኑ ሮንዴላ (መሐሉ ቀዳዳ ያለው ክብ ጠፍጣፋ ብረት) ሊኖረው ይገባል፤ ያለ ሮንዴላ ከታሰረ ልባጡን እየፈጋ ያነሳዋል፣ ዝገት የሚጀምረውም ከዚያው ነው። እኔ በአሮጌ ካላማዳሪያ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቁራጭ ጠቅልዬ አሰርኩት፤ መንኳኳቱም አብሮ ቆመ።

አንድ ጎረቤቴ ደግሞ በያጅ ጋ ሄዶ በፌሮ አሠራ። ጥንካሬው አይካድም፣ ነገር ግን ሒሳቡን አስቡት። 6 ሚሊ ፌሮ 1 ሜትሩ 222 ግራም ይመዝናል። መጠነኛ ቅርጫት 10 ሜትር ቢወስድ ባዶውን ከ2 ኪሎ በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ከፊት ጎማ ላይ። 4 ሚሊ ሽቦ ግን 1 ሜትሩ 100 ግራም አይሞላም። ማሠራት የምትፈልጉ አፉንና ታቹን ብቻ በወፍራሙ፣ ቀሪውን በቀጭኑ እንዲሠራላችሁ ንገሩት። ከሲዳማ ደጋ የሚወርደው የቀርከሃ ሥራም አለ። ቀላል ነው፣ ዓይን ይማርካል፤ በቆዳ ማሰሪያ መሪው ላይ ሲታሰር ሳይክሉ ይለወጣል። ግን ዝናብ ሲጠግብ ይረግባል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ክረምቱን ቤት ውስጥ ማሳለፍ አለበት። እኔ ደግሞ ክረምት ነው ሥራ የሚበዛብኝ።

ቅርጫት ያለ ነውር ነው አልልም። ክፍት ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሞራ ገደል አሳ ገበያ ሄዳችሁ ቆሮሶ አሳ ገዝታችሁ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀምጣችሁ ሒሳብ ለመክፈል ዞር በሉ እስቲ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰው አይፈሩም፤ ቁመታቸው ከሳይክሉ መሪ በላይ ነው፤ ፌስታሉን በምንቃራቸው ይዘው ይሄዳሉ። ሐይቁ ዳር ዛፎቹ ሥር ደግሞ ጦጣዎቹ አሉ። ሙዝ በክፍት ቅርጫት ይዞ እዚያ ማቆም ለእነሱ መስጠት ነው። ልጄ ትስቃለች፤ እኔ ግን ለእራት ያሰብኩትን አሳ አጥቼ አውቃለሁና ቦርሳው በዚህ ይበልጣል ስል ከልቤ ነው።

ሌላው ማቆሚያው ነው። ቅርጫቱ ሞልቶ ሳይክሉን በአንድ እግር ማቆሚያ ስታቆሙት መሪው በራሱ ይዞርና ሳይክሉን ይዞ ይወድቃል። ሸክም የሚበዛባችሁ ከሆነ ጎማውን ከመሬት የሚያነሳውን ባለ ሁለት እግር ማቆሚያ አስገቡ፤ ዋጋው ብዙ አይደለም። መብራትም መሪው ላይ ካለ ቅርጫቱ ይጋርደዋል፣ ወደ ቅርጫቱ ፊት ማውጣት ያስፈልጋል። ቦርሳውም ቢሆን ያው ይጋርዳል።

ሁሉም ሰው ቅርጫት ያስፈልገዋል ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ስልክ፣ ወረቀት፣ ደብተር፣ ምናልባት ካሜራ ብቻ የምትይዙ፣ የትም ስትገቡ ዕቃችሁን ይዛችሁ የምትገቡ ተማሪዎችና የቢሮ ሰዎች ቦርሳው ይስማማችኋል። ዚፑን እዩ፣ ስፌቱን ገልብጡ፣ ከ3 ኪሎ አታሳልፉት፣ ለዓመታት ያገለግላችኋል። የእኔንም አልጣልኩትም፤ ከመሪው ፈትቼ ትከሻዬ ላይ የማንጠለጥለው የሥራ ቦርሳ አደረግሁት።

አሁን ለቅርጫቱ የሰፋሁለትን የውስጥ ከረጢት ልንገራችሁ፤ ክፍት ነው ያልኩትን ጉድለት የዘጋሁት በእሱ ነው። መስፋት የምትችሉ በአንድ ከሰዓት ትጨርሱታላችሁ፤ የማትችሉ ለሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ ልኬቱን ስጧት። የእኔ ቅርጫት አፉ 35 በ25 ሳንቲ ነው፣ ጥልቀቱ 24። የጥጥ ሸራ ውሰዱ። ፊቱን፣ ታቹንና ጀርባውን ለየብቻ አትቁረጡ፤ አንድ ወጥ ጨርቅ ከፊት ወርዶ በታች አልፎ በጀርባ ይውጣ። እንዲህ ከሆነ ጭቃ የሚረጭበት የታችኛው የፊትና የኋላ ጠርዝ ላይ ስፌት የሚባል ነገር አይኖርም፤ ቦርሳው የተሸነፈውም እዚያው ላይ ነበር። ወርዱ 38፣ ርዝመቱ 107 ሳንቲ ይሁን፤ ከቅርጫቱ አፍ በላይ 15 ሳንቲ ይተርፋል፣ የቀረው ለእጥፋት ነው። ሁለቱ ጎኖች 28 በ43 ይቆረጣሉ። የሸራው ስፋት 1 ሜትር ተኩል ከሆነ 1 ሜትር ከ10 መግዛት ይበቃል፤ ከትርፉ የኮርቻ ልብስ ይወጣል።

ጎኖቹን ስትገጥሙ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ በፖሊስተር ክር ሁለት መስመር ስፉ። ከላይ ለገመድ መግቢያ እጠፉለት፤ ስባችሁ ስትሸመቅቁት አፉ ይዘጋል፣ ጦጣም አቧራም አይገባም። ከቅርጫቱ አፍ ጋር የሚያያዙ አራት ማሰሪያዎች በአራቱ ማዕዘን ስፉ፤ ቋጠሮ ብቻ ይሁኑ፣ ባንክ ስትገቡ ፈታችሁ ይዛችሁት እንድትገቡ። በመጨረሻ ስፌቱን ሁሉ በነጭ ሻማ ደህና አድርጋችሁ እሹት፣ ላዩ ላይ አሮጌ ጨርቅ አድርጋችሁ ለብ ባለ ካውያ ተጫኑት። ሰሙ ቀልጦ የመርፌ ቀዳዳዎቹን ይሞላል። ሲታጠብ ስለሚለቅ ክረምት ከመግባቱ በፊት ግንቦት ላይ ድገሙት።