የግርዶሽ መነፅር ልትገዙ ከሆነ ካርቶኑ ላይ የታተመውን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ

የፀሐይ ግርዶሽ በተቃረበ ቁጥር የካርቶን መነፅር ገበያ ይደራል፤ ፎርጅዱም ከኦሪጅናሉ ጋር ተደባልቆ ይወጣል። ሁለቱን በዓይን አይቶ መለየት ከባድ ነው። ፎርጅዱ ያው ካርቶን፣ ያው ጥቁር ፕላስቲክ፣ ያው «አይኤስኦ 12312-2» የሚል ጽሑፍ አለው። ገዢ የሚታለለውም በዚህ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ በቀጥታ ፀሐይን ለማየት የተሠሩ ማጣሪያዎች ሊያሟሉት የሚገባ ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው። ማጣሪያው ከሚታየው ብርሃን ከ0.0032 በመቶ በላይ እንዳያሳልፍ ያዛል፤ ለዓይን ለማይታዩት ለአልትራቫዮሌት (ዩቪ) እና ለኢንፍራሬድ ጨረሮችም ገደብ አለው። ነገር ግን መስፈርቱን ያወጣው ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) መነፅር አይመረምርም፣ ለማንም ማረጋገጫ አይሰጥም። ቁጥሩን ማተሚያ ያለው ሁሉ ሊያትመው ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ማን እንደሠራው፣ ማን እንዳስመጣውና የትኛው ላቦራቶሪ እንደመረመረው ነው። ሻጩ የአምራቹን ስምና አድራሻ፣ እንዲሁም የሞዴሉን ስም፣ የምርመራውን ቀንና የላቦራቶሪውን ስም የያዘ ሰነድ ማሳየት ካልቻለ አትግዙ። የአሜሪካ አስትሮኖሚ ማኅበር ምንጫቸውን ያጣራቸውን አምራቾችና አከፋፋዮች ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል፤ ስሙን ከዚያ ጋር ማመሳከር ትችላላችሁ። ትልቅ መደብር መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይደለም። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ግርዶሹ ሊታይ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አማዞን ምንጫቸውን ማረጋገጥ ያልቻለባቸውን መነፅሮች ለገዙ ደንበኞቹ እንዳይጠቀሙባቸው ነግሮ ገንዘባቸውን መልሷል።

ማስታወቂያው ላይ «በናሳ የጸደቀ» የሚል ካያችሁ እዚያው ተዉት። ናሳ የማንንም መነፅር አያጸድቅም፤ ሻጩ ገና ከጅምሩ ዋሽቷል ማለት ነው። «ዩቪ 400» ወይም «100 በመቶ ዩቪ ይከላከላል» የሚለውም አያታላችሁ። ይህ እስከ 400 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን አልትራቫዮሌት ብቻ ይመለከታል፤ ረቲናን (ከዓይን በስተኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) የሚጎዳው ግን ከዚያ በላይ ያለው የሚታይ ብርሃን፣ በተለይም ሰማያዊው ጭምር ነው። ከተራ የፀሐይ መነፅሮች በጣም ጥቁር የሚባለው እንኳ ከ3 እስከ 8 በመቶ ብርሃን ያሳልፋል። ይህ ከተፈቀደው ጣሪያ ከ900 እጥፍ በላይ ነው፤ ሁለትና ሦስት ደርቦ ማድረግም መፍትሔ አይሆንም።

መነፅሩ እጃችሁ ከገባ በኋላ ቤት ውስጥ አጥልቁት። ከእጅግ ደማቅ መብራት በቀር ምንም ነገር መታየት የለበትም። የክፍሉ አምፖል፣ የመስኮቱ ብርሃን ወይም የዕቃዎች ቅርጽ ከታየ ፎርጅድ ነው። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ከፊት ለፊቱ ብታስጠጉ ወይ ጨርሶ አይታይም፣ ወይ እጅግ ደብዝዞ ይታያል። ቀጥሎ መነፅሩን ሳታጠልቁ ወደ ደማቅ አምፖል አንሱና ፕላስቲኩን መርምሩ፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ የብርሃን ነጥብ፣ ጭረት፣ እጥፋት ወይም ከካርቶኑ የተላቀቀ ጠርዝ ካለ አይሆንም። ይህን ሁሉ ካለፈ ብቻ ውጭ ወጥታችሁ ለቅጽበት ፀሐይን እዩ። ጠርዟ ጥርት ያለ፣ ለዓይን የማይከብድ ክብ ሆና መታየት አለባት። ዙሪያዋ ጭጋግ ካለ ወይም ካጥበረበራችሁ ወዲያው ፊታችሁን አዙሩ።

አንድ ነገር ግን አስምሩበት፦ ይህ ሙከራ መጥፎውን ይጥላል እንጂ ጥሩውን አያረጋግጥም። ኢንፍራሬድ ለዓይን ስለማይታይ፣ ጨልሞ የሚታይ ነገር ሊያሳልፈው ይችላል። ምንጩን ማጣራት የሚቀድመው ለዚህ ነው።

ፎርጅድ መነፅር ከባዶ ዓይን የሚብስበት ምክንያት አለው። በባዶ ዓይን ፀሐይን ያየ ሰው ወዲያው ያጥበረብረውና ዓይኑን ይሸሻል። ግማሽ ጨለማ የሆነ ፕላስቲክ ግን ማጥበርበሩን ያስቀርና ሰውየው ረጋ ብሎ እንዲያይ ያደርገዋል፤ የዓይን ብሌንም ይሰፋል፣ ጎጂው ብርሃን በብዛት ይገባል። ረቲና ሕመም የሚሰማው ነርቭ ስለሌለው ምንም ሳያስታውቅ ይጎዳል። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜም በማግስቱ ይታያል፦ ከእይታ መሃል ጥቁር ነጥብ፣ የተጣመመ መስመር፣ የደበዘዘ ቀለም። ጉዳቱን እንደሚመልስ የተረጋገጠ ሕክምና የለም፤ አንዳንዱ በወራት ይሻለዋል፣ አንዳንዱ ግን እንደዚያው ይቀራል።

የብየዳ መስታወት የሚሸጥላችሁ ካለ የጥቁረት ደረጃውን የሚያሳየውን ቁጥር ጠይቁ። የሚያገለግለው ከ12 እስከ 14 ያለው ነው፤ ለብየዳ ሥራ በብዛት የሚገዛው 10 እና 11 ግን ለፀሐይ አይበቃም። ቁጥር ያልተቀረጸበትን አትንኩ። የራጅ ፊልም፣ ሲዲ፣ በጥላሸት የጠቆረ መስታወት በነፃ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ።

ከሁሉም የከፋው ከርካሽ ቴሌስኮፕ ጋር በስጦታ መልክ የሚመጣው፣ ዓይን የሚጠጋበት ጫፍ ላይ የሚጠመዘዝ ትንሽ የፀሐይ ማጣሪያ ነው። የተሰበሰበው ሙቀት እሱ ላይ ስለሚያርፍ በድንገት ይሰነጠቃል፤ ያኔ ዓይን ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም። ማጣሪያ የሚገጠመው ከፊት፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል ነው፤ ነፋስ እንዳይነቅለውም በፕላስተር ይጠበቃል። የካርቶን መነፅር አጥልቆ በቴሌስኮፕ ወይም በባይኖክዮላር ማየትም ያው ነው፤ የተሰበሰበው ጨረር ፕላስቲኩን አቃጥሎ ያልፋል።

አስተማማኝ መነፅር ካጣችሁ ለአጠራጣሪው አትክፈሉ። ካርቶን ላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ ብሱ፣ ለፀሐይ ጀርባ ስጡ፣ ብርሃኑ በቀዳዳው አልፎ ነጭ ወረቀት ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። ወረቀቱ ከቀዳዳው 1 ሜትር ቢርቅ የፀሐይዋ ምስል 9 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፣ በ2 ሜትር እጥፍ ይሆናል። በቀዳዳው ውስጥ ግን ፀሐይን አትመልከቱ።

ቀድሞ የተገዛ መነፅር ያላችሁ ደግሞ፣ ከታወቀ አምራች የተገዛና ያልተበላሸ ከሆነ «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ አዲስ ሊሸጥላችሁ የሚሞክረውን አትስሙ፤ መስፈርቱን ያሟላ ማጣሪያ ካልተጫረና ካልተቀደደ ይሠራል። ፎርጅድ መሆኑን ያወቃችሁትን ግን ገንዘባችሁን ለማስመለስ ከማሸጊያው ጋር ፎቶ አንሱት፤ ስትጥሉትም ልጆች አንስተው እንዳያጠልቁት ፕላስቲኩን በመቀስ ቆራርጡት።