ኢንዲያ ማርክ 2 ወይስ ማርክ 3? ለህንድ ገጠር የትኛው የእጅ ፓምፕ ይሻላል

ግራም ፓንቻያት የሚባለው የህንድ የመንደር ምክር ቤት የእጅ ፓምፕ ሊያስተክል ሲነሳ ምርጫው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አያልፍም፤ ወይ ኢንዲያ ማርክ 2፣ ወይ ኢንዲያ ማርክ 3። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። በበጋ ውሃው ከ30 ሜትር ሳይርቅ የሚገኝ ከሆነ ማርክ 3 ይተከል፤ ከዚያ ከጠለቀ ማርክ 2። ውሃው አሲዳማ ከሆነ ግን ሁለቱንም በተለመደው ዚንክ የተነከረ የብረት ቱቦ ማስተከል ገንዘብ ማባከን ነው።

ማርክ 2 በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በማሃራሽትራ ግዛት ካለችው ከሶላፑር ከተማ የተገኘን ንድፍ መሠረት አድርጎ በዩኒሴፍ፣ በህንድ መንግሥትና ሪቻርድሰን ኤንድ ክሩዳስ በተባለው ፋብሪካ ትብብር የተሠራ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ፓምፖች ለአንድ ቤተሰብ ታስበው የተሠሩ ስለነበሩ መንደር ሙሉ ሲጎትታቸው ቶሎ ይሰበሩ ነበር።

ከመሬት በላይ ያለው ክፍል እስከ ዛሬ የሚወጣለት እንከን ጥቂት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የሚወርደውና ፒስተኑ የሚሠራበት ሲሊንደር 63.5 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ በ45 ሜትር ጥልቀት ፒስተኑ ላይ የሚያርፈው የውሃ ክብደት 140 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። እጀታው ኃይልን ስምንት እጥፍ ስለሚያበዛ ለሚጎትተው ሰው የሚተርፈው ሸክም 18 ኪሎ ገደማ ነው። እጀታውን ከፒስተኑ ጋር የሚያገናኙትን ዘንጎች ክብደት ደግሞ ከድፍን ብረት የተሠራው እጀታ ራሱ ያመዛዝነዋል፤ ስለዚህ ከበደ ተብሎ በቀጭን ወይም በባዶ ቱቦ መለወጥ የለበትም። እጀታው በሁለት ባለ 6204 ቁጥር ኩሽኔታዎች ላይ ይዞራል። ኩሽኔታ የሚበላው በአብዛኛው አጭር አጭር እየተጎተተ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ሲሠራ ነውና ተጠቃሚው እጀታውን ከላይ እስከ ታች እንዲስብ ይነገረው። እጀታውን ከዘንጎቹ ጋር የሚያያይዘው ሰንሰለት የሚፈልገው ግራሶ ብቻ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ጉድጓዱ ጥልቀት ከሌለው ዘንጎቹ ቀላል ስለሚሆኑ ፒስተኑን ወደ ታች መጎተት ያቅታቸዋል፣ ሰንሰለቱም ይላላል፣ ይታጠፋል። እንዲህ ባለ ቦታ በሰንሰለት ፋንታ ድፍን ማያያዣ ይገጠማል።

አቅሙ ስንት ነው? በደቂቃ 40 ጊዜ ሲሳብ 15 ሊትር ያህል ያወጣል፤ በዕለት አጠቃቀም 12 ሊትር ብሎ መያዝ ይሻላል። የቀድሞው የህንድ የገጠር ውሃ ስሌት አንድ ፓምፕ ለ250 ሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ይል ነበር። ይህ በቀን 10,000 ሊትር ማለት ስለሆነ እጀታው 14 ሰዓት ያህል ያለ ዕረፍት መሥራት አለበት። ጎሾችና ላሞች ከተጨመሩበት ስሌቱ ይፈርሳል።

ልዩነቱ የሚታየው ፓምፑ ተፈቶ ሲጠገን ነው። በማርክ 2 የፒስተኑን ማሸጊያ ጎማ ለመቀየር ቱቦው በሙሉ መውጣት አለበት። በ45 ሜትር ጉድጓድ ባለ 3 ሜትር ቱቦ 15 ሲሆን፣ ከዘንጎቹና ከውስጡ ውሃ ጋር ከ200 ኪሎ ይበልጣል። ለዚህ ሥራ ማንሻ፣ መቆንጠጫና ቢያንስ አራት ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከወረዳ የሚመጣ መኪና ያስፈልጋል። የጎማውን ዋጋና የጥበቃውን ቀናት ያነጻጸረ ሰው ማርክ 3 ለምን እንደመጣ ይገባዋል። የማርክ 3 ቱቦ 65 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ፒስተኑና የግርጌው ቫልቭ በቱቦው ውስጥ አልፈው ይወጣሉ፤ የሚሳቡት ዘንጎቹ ብቻ ናቸው፣ ለዚህም የሠለጠነ የብሎክ (የህንድ የአስተዳደር ክፍል) መካኒክና አንድ ረዳት ይበቃሉ። መዘዙ ቱቦው ከማርክ 2 እጥፍ ገደማ መመዘኑ ነው፤ ዋጋው ይወደዳል፣ ዝገት በልቶት ቱቦው ራሱ መውጣት ያለበት ዕለት ደግሞ ከማርክ 2 የባሰ ጣጣ ይሆናል።

ስለ ዝገት ትንሽ እንቆይ። የውሃው ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ6.5 በታች ከሆነ ዚንኩ በአጭር ጊዜ ያልቃል፣ ከዚያ ብረቱ መበላት ይጀምራል። ጠዋት መጀመሪያ የሚቀዳው ውሃ ቀልቶ እየተቀዳ ሲሄድ የሚጠራ ከሆነ ብረቱ የመጣው ከቱቦው ነው። ሲቀዳ ውሎም የማይጠራ ከሆነ ከከርሰ ምድሩ ነው፤ ያኔ ቱቦ መቀየር ዋጋ የለውም። ለመጀመሪያው መፍትሔው የማይዝግ ብረት ወይም ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ፍሎራይድና አርሴኒክ ግን ምልክት አይሰጡም። በራጃስታንና በቴላንጋናው ናልጎንዳ ፍሎራይድ፣ በቢሃርና በምዕራብ ቤንጋል አርሴኒክ የታወቀ ችግር ነው። ማፍላትም አያስወግዳቸውም። የህንድ መለኪያ ለአርሴኒክ በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም፣ ለፍሎራይድ 1.0 (ሌላ ምንጭ ከሌለ 1.5) ነው፤ ፓምፑ ከመተከሉ በፊት ይለካ።

ጥገና ከመጥራት በፊት ሁለት ፈተና ይሠራ። ውሃ እስኪወርድ ስቡና ግማሽ ሰዓት ተዉት፤ እንደገና ሲሳብ ውሃው ከአምስት ምት በኋላ የሚመጣ ከሆነ የግርጌው ቫልቭ ወይም ቱቦው ያፈሳል። ቀጥሎ በአንድ ደቂቃ 40 ምት ስባችሁ በባልዲ ለኩ፤ ከ10 ሊትር ካነሰ የፒስተኑ ጎማ አልቋል። እጀታው ያለ ሸክም የሚወርድና ምንም የማይወጣ ከሆነ ዘንግ ተላቋል። የፒስተኑ ማሸጊያ የቆዳ ሳይሆን ናይትራይል የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ይሁን።

ጥሩ ፓምፕ በመጥፎ መደብ ላይ ሲተከል ያሳምማል። አርማታው አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ አራት ጠጠር ሆኖ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ፤ የፓምፑ እግሮች ከውስጡ ይቀበሩ። መደቡ ከተሰነጠቀ የፈሰሰው ቆሻሻ ውሃ በቱቦው ጎን ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ትርፉ ውሃ በቦይ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ወይም ወደ ሙዝና አትክልት መደብ ይሂድ። በ2014 ከተጀመረው ስዋች ባራት (ንጹሕ ህንድ) ከተባለው የመንግሥት ዘመቻ ወዲህ ባለ ሁለት ጉድጓድ መጸዳጃ ቤት በየግቢው ተስፋፍቷል፤ ጉድጓዶቹ ከፓምፑ ቢያንስ 15 ሜትር ይራቁ፣ ስንጥቅ ድንጋይ ባለበት ከዚያም በላይ፣ ደግሞም ከፓምፑ በታች ባለው ቁልቁለት ላይ።

በበጋ ብዙ ጊዜ «ተበላሸ» የሚባለው ፓምፕ ደህና ነው፤ የጠፋው ውሃው ነው። ለሩዝና ለሸንኮራ አገዳ የሚቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ባለ ሞተር ፓምፕ ተገጥሞላቸው፣ በብዙ ግዛቶችም ኤሌክትሪኩ በድጎማ ወይም በነጻ ስለሚሰጥ፣ የውሃው ወለል ከሲሊንደሩ በታች ይወርዳል። ጉድጓዱ ጥልቀት ከተረፈው ሁለት ሦስት ቱቦና ዘንግ መጨመር ይቻላል፤ ከ45 ሜትር ሲያልፍ ግን ለጥልቅ ጉድጓድ የተሠራው ዓይነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሲተከል ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ጥልቀት ከዝናብ በኋላ በታየው ሳይሆን በግንቦት በሚለካው ወለል ይወሰን።

በ2019 የተጀመረው ጃል ጂቫን ሚሽን የተባለው የህንድ መንግሥት ፕሮግራም ለየቤቱ ቧንቧ እያስገባ ለአንድ ሰው በቀን 55 ሊትር ያቅዳል። ቧንቧ ስለገባ ፓምፑ ይነቀል የሚለውን ሐሳብ አንቀበልም፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚሠራው እርሱ ነው። ለመግዛት ሲወሰን ማርክ 2ም ሆነ ማርክ 3 የቀድሞዎቹን አይኤስ 9301ና አይኤስ 13056 በተካው አይኤስ 15500 በተባለው የህንድ ደረጃ መሠረት የተሠራና የአይኤስአይ (የህንድ የጥራት ማረጋገጫ) ምልክት ያለበት ይሁን። ርክክብ ላይ የየቱቦው ጥርስ በእጅ ተዙሮ ይፈተሽ፤ ዚንኩ የተላጠ ወይም የሚወላገድ ካለ ከመውረዱ በፊት ይመለስ። ከፓምፑ ጋር የጎማ ማሸጊያዎች፣ አንድ ሰንሰለት፣ ጥንድ ኩሽኔታ፣ ብሎንና ዳዶ ተጨምረው መንደሩ ውስጥ ይቀመጡ።