ለልጃችሁ ኳስ ወይስ መሰላል? ብሩ ሳይወጣ እንተሳሰብ

ትምህርት ሊዘጋ ሲል የወላጆች ጥያቄ ይጀምራል። «ልጄ የታዳጊዎች ኳስ ፕሮጀክት ገብቷል፤ ምን ልግዛለት?» ይሉኛል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሳ ወዲህ እኛ ሰፈር ኳስ የማይል ልጅ የለም። ነጋዴውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ቲክቶክ ላይ የምናየው መሬት ላይ ተዘርግቶ በእግር የሚረገጥ የልምምድ መሰላል፣ ኮን፣ ኳስ መላሽ መረብ ሁሉ አሁን ጎንደር አለ።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ በእጅ የተሰፋ ደህና ኳስ ግዙ። ሌላው ይቆይ።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ፒያሳና አራዳ ዞር ዞር ብዬ ስጠይቅ መሰላሉ ከኮን ጋር 2,800 ብር ተባልኩ። መረቡ 9,500። በማስቲሽ የተጣበቀ ኳስ 900። የተሰፋው 2,600 ተብሎ፣ ተከራክሬ 2,300 ላይ ቆመ። እናንተ ስትሄዱ ጨምሮ ሊጠብቃችሁ ይችላል፤ ልዩነቱ ግን ያው ነው።

መሰላሉ ጭራሽ አይረባም አልልም። ለማሟሟቂያ ይሆናል። ግን ልጁ የእግሩን ቅደም ተከተል ከሸመደደው በኋላ መሰላል መርገጥ ብቻ ነው የሚጎብዘው። ሜዳ ላይ ደግሞ ተከላካይ አይቶ መዞር አለበት። ጎረቤቴ ለልጁ የገዛው ኮረት ላይ ሲረገጥ ፕላስቲኩ ተሰባብሮ ገመዱ ብቻ ቀረ። አፈር ላይ በእንጨት ጫሩት፣ ያው መሰላል ነው። ለኮን ደግሞ ሃይላንድ ውስጥ አሸዋ ሙሉበት፤ ንፋስም አይጥለው። ማሟሟቂያ የምትፈልጉ ከሆነ ፊፋ ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያዘጋጀው «11+ ኪድስ» የሚባል አለ። ቪዲዮው በነጻ ይገኛል፤ ኳስና ሜዳ እንጂ ሌላ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም።

መረቡን እርሱት። ላስቲኩ ሲበጠስ መለዋወጫ የለውም። የብሎኬት አጥር ኳስ ይመልሳል፣ አይበጠስም። ባለቤቱን ብቻ አስፈቅዱ።

አሁን ወደ ኳሱ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እዩ። ከ8 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 4 ቁጥር ነው፤ ከዚያ በታች 3፣ ከ13 ጀምሮ 5። ነጋዴው 5 ቁጥር አንስቶ «ያድግበታል» ይላችኋል። ኳስ ሱሪ አይደለም። ከብዶት በአውራ ጣቱ መምታት ይለምዳል፤ ያንን ማስተው ደግሞ ከባድ ነው።

ቀጥሎ ስፌቱን። በሁለት አውራ ጣት መገጣጠሚያውን ገፋ አድርጋችሁ ክፈቱት። የተሰፋ ከሆነ ክሩ ይታያል። ክር ከሌለና ማስቲሽ ማስቲሽ ከሸተተ፣ የኛን ፀሐይና ጠጠር የሚችል አይደለም። ውድ የሆኑ የውድድር ኳሶችም ያለ ስፌት በሙቀት ይጣበቃሉ፤ እዚህ በ900 ብር የሚሸጠው ግን የነሱ ዘመድ አይደለም። የፊፋ ጥራት ምልክት ታትሞበት ብታዩም አትደነቁ። ምልክቱ የሚሰጠው ላቦራቶሪ ተፈትኖ ላለፈ ኳስ ነው፤ ኮፒ አድራጊው ግን ቀለም ብቻ ነው የሚያወጣው።

ክብደቱም ይናገራል። 4 ቁጥር ከ350 እስከ 390 ግራም መሆን አለበት። አንድ ልጅ ይዞት የመጣውን «ኦርጅናል» ሽሮ ከሚመዝን ባለሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፤ 290 ግራም። ባለሱቁ ራሱ ሳቀ። እንዲህ ያለው ኳስ ሲመታ አየር ላይ ይዋልላል። ልጁ እግሩ ያጠፋ ይመስለዋል እንጂ ጥፋቱ የኳሱ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ጎኑ እንቅርት አወጣ። ወደተገዛበት ሱቅ ብንመልሰው «ድንጋይ ላይ ተጫውታችሁበት ነው» አሉን። ሌላ ምን ላይ እንጫወት?

የተሰፋው ሲበላሽ ግን መላ አለው። ክሩ ሲበጠስ ጫማ ሰፊ በወስፌና በናይለን ክር በ100 ብር ይመልሰዋል። የውስጡ ፊኛ ቢፈነዳ እንኳ ስፌቱን ፈትቶ ይቀይረዋል፤ ፊኛውን ከሌላ ካረጀ ኳስ አውጥታችሁ መስጠት ትችላላችሁ። የተጣበቀውን ልጠግን ቢል ማስቲሹ ቀትር ላይ ይለቃል። እኛ ሜዳ ላይ የተጣበቀው ሁለት ወር ከቆየ ብዙ ቆየ። በዓመት ስንት ጊዜ 900 ብር እንደምታወጡ አስሉት። የተሰፋው ከተያዘ ዓመቱን ይደፍናል።

አያያዙ ቀላል ነው። ክረምት ላይ የተሰፋ ኳስ ውሃ ይጠጣል፤ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ምድጃ ዳር አታስጠጉት። ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር አታስነፉት። ለመኪና ጎማ የሚሞላው አየር የኳስን ስፌት ይተረትራል፤ ለግጥሚያ ኳስ እንኳ የተፈቀደው ቢበዛ 1.1 ባር ነው። መረቡን ባለመግዛት ከተረፋችሁ ብር ላይ በ400 ብር የእጅ ፓምፕ ግዙ። መርፌውን በምራቅ አርጥባችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡ፤ ደረቁን ከገባ የአየር መግቢያውን ይቀደዋል። መርፌ ስትገዙ ሁለት ይሁን፤ አንዱ መጥፋቱ አይቀርም።