የሶማሌ ተራ ወንበርና የአርኤችኤስ ብረት፦ የቤት ኮክፒት ከ9 ወር በኋላ

እዚህ የሚገመገመው አንድ ዕቃ ሳይሆን በኮምፒውተር አውሮፕላን ለማብረር የተሠራ ሙሉ መቀመጫ ነው፦ ከ40 በ40 ሚ.ሜ አርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) የተበየደ ፍሬም፣ ከሶማሌ ተራ የተገዛ ያገለገለ የቶዮታ ቪትዝ የፊት ወንበር፣ ዋጋው መካከለኛ የሆነ ዮክ (የአውሮፕላኑ መሪ) ከባለ ሦስት እጀታ ትሮትሉ (የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያ) ጋር፣ የእግር ፔዳልና 43 ኢንች ቴሌቪዥን። በሳምንት ከ4 እስከ 6 ሰዓት እየተበረረበት 9 ወር ሞልቶታል። ሶፍትዌሮቹ ኤክስ-ፕሌን 12 እና ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024 ናቸው። ብዙ ሰው ገንዘቡን ዮኩ ላይ ያፈስና የተረፈችውን ለመቀመጫው ይመድባል። መገልበጥ ያለበት እሱ ነው። ሦስት ሰዓት በረራ ላይ መጀመሪያ የሚደክመው ኮምፒውተሩ ሳይሆን ትከሻና ወገብ ነው።

ዮክ ጠረጴዛ ላይ ሲታሰር ትከሻ ለምን እንደሚያም ሜትር ይዞ ማየት ይቻላል። የተራ ጠረጴዛ ከፍታ 75 ሳ.ሜ ነው። የዮኩ ዘንግ ከጠረጴዛው በላይ ሌላ 11 ሳ.ሜ ያህል ስለሚወጣ እጅ 86 ሳ.ሜ ላይ ይሰቀላል። 45 ሳ.ሜ ከፍታ ባለው ወንበር የተቀመጠ መካከለኛ ሰው ክርኑ ግን 68 ሳ.ሜ አካባቢ ነው። ያቺን የ18 ሳ.ሜ ልዩነት ተሸክሞ የሚውለው ትከሻ ነው። በዚህ ፍሬም ላይ ሰው ሲቀመጥበት ወንበሩ ከወለሉ 36 ሳ.ሜ፣ ክርን 59፣ የዮኩ ዘንግ 65 ሳ.ሜ ላይ ነው። የቀረችውን የ6 ሳ.ሜ ልዩነትስ ለምን አታስወግዷትም የሚል ይኖራል፤ ዮኩ ሙሉ በሙሉ ሲዞር የታችኛው ቀንዱ ጭን ስለሚነካ ነው። ከዚህ ዝቅ ካለ ነፋስ ባለበት ማረፊያ ላይ መሪው ግማሽ መንገድ ላይ እግር ላይ ይቆማል።

ፍሬሙ ሁለት ባለ 6 ሜትር ዘንግ ይበላል፤ 1.5 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ይበቃል፤ ተሠርቶ ሲያልቅ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መሠረቱ ሁለት ባለ 140 ሳ.ሜ እና በመካከላቸው የሚገቡ ሦስት ባለ 50 ሳ.ሜ ቁራጮች ነው። የውጭ ስፋቱ 58 ሳ.ሜ ስለሚሆን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሰያፉ በሁለቱም በኩል 151.5 ሳ.ሜ መምጣት አለበት። በያጁ አራቱን ማዕዘን ነጥብ ነጥብ ብቻ አድርጎ ይያዘው፤ ሰያፉ ይለካ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሙሉ ብየዳ። ይህ ከተዘለለ ፍሬሙ ተጣሞ አንዱ እግር አየር ላይ ይቀራል፣ በእያንዳንዱ የፔዳል ግፊትም ወለሉን ይደበድባል። ስስ ብረት በወፍራም ኤሌክትሮድ ስለሚበሳ 2 ሚ.ሜ ኤሌክትሮድ ማስያዝ ይሻላል።

ዮኩን የሚሸከሙት ሁለት ባለ 44 ሳ.ሜ ቋሚዎች ናቸው። አናታቸው ላይ አግዳሚ ብረት፣ በላዩ 18 ሚ.ሜ ኤምዲኤፍ። ሳንቃው መዋል ያለበት ጉልበት ላይ ሳይሆን ከጉልበት ወዲያ፣ ከቅልጥም በላይ ነው። ቋሚዎቹ መጀመሪያ ያለ ሰያፍ ደጋፊ ቆመው ነበር፤ ዮኩ በተሳበ ቁጥር ሳንቃው ወደ አብራሪው እየመጣ ይመለስ ስለነበር የአውሮፕላኑን አፍንጫ በእርጋታ ማንሳት የማይታሰብ ነበር። ሁለት ባለ 45 ሳ.ሜ ደጋፊ ሲበየድ ችግሩ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ከዮኩ ጋር የሚመጣው የፕላስቲክ መቆንጠጫ በየሁለት ሳምንቱ ይላላል። ከሥሩ የብሎን ቀዳዳ ካለው ሳንቃውን በስቶ በብሎን፣ በሮንዴላና ናይለን ባለው ዳዶ ማሰር ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ቁልፍ አልነካውም።

ወንበሩ ላይ ሁለት ነገር ያታልላል። የመኪና ወለል ለጥ ያለ ስላልሆነ የወንበሩ አራት እግሮች በአንድ ደረጃ አይቀመጡም። ጠፍጣፋ ብረት ላይ ዝም ብሎ ከታሰረ ሐዲዱ ይጣመምና ወንበሩ ወደፊትም ወደኋላም አይንሸራተትም። አራቱን እግሮች ደረጃ አስይዞ፣ ክፍተቱን በላሜራ ቁራጭ ሞልቶ፣ ሐዲዱ በነፃ መሄዱን አይቶ ነው ማጥበቅ። ወንበሩ ከነሐዲዱና ከነብሎኑ ይገዛ፤ ብሎኑን ለብቻው መፈለግ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሁለተኛው ኤርባግ ነው። ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ከወጣ ጎኑ ላይ ኤርባግ ሊኖረው ይችላልና ሌላ ይመረጥ። ይሠራ እንደሆነ ልይ ብሎ በቴስተር መለካት ራሱ ሊያፈነዳው ይችላል። ከምቾት አንፃር ግን የቢሮ ወንበር አይወዳደረውም፤ ወገብ ይደግፋል፣ ስፖንጁ ከ9 ወር በኋላም አልጎደጎደም። እግር የሚደነዝዝ ከሆነ የፊት ጠርዙ ጭንን እየቆረጠ ነውና የፊት እግሮቹ ይውረዱ።

ፔዳሉ ከወንበሩ ጋር አንድ ብረት ላይ መታሰር አለበት። ጎማ እግር ያለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ፍሬን መርገጥ ራስን ወደኋላ መግፋት ነው፤ ሴራሚክ ወለል ላይ ደግሞ ፔዳሉ ራሱ ወደ ግድግዳ ይሸሻል። ቁመቱ 1.70 ሜትር ለሆነ ሰው ከወንበሩ መደገፊያ እስከ ፔዳሉ ፊት ከ90 እስከ 95 ሳ.ሜ ተስማሚ ነው፤ ጉልበት ከ120 እስከ 130 ዲግሪ ይከፈታል፣ ተረከዝ ወለል ላይ ያርፋል። ርካሽ ፔዳሎች ሁለቱን እግር አጠጋግተው ስለሚያስቀምጡ ከሁለት ሰዓት በኋላ ዳሌ ይይዛል። ይህንን ችግር ፍሬሙ አይፈታውም። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ከፍሬሙ ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ያስገባ፤ በረባሶ የሚሠራበት ዓይነት ጎማ ከከመነዳሪ ይሻላል፣ ውፍረት አለው። ያለሱ ከታች ያለው ጎረቤት እያንዳንዱን ማረፊያ ይሰማል።

ከሁሉም ያልተጠበቀው ችግር ኤሌክትሪክ ነበር። ባዶ እግር ወለሉ ላይ አድርጎ ፍሬሙን ሲነኩት ቀስ ብሎ ይነዝራል፤ አልፎ አልፎም ዮኩ በረራ መሀል ከዩኤስቢ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ የተሰካው የምድር መስመር በሌለው ኤክስቴንሽን ላይ ነበር። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብረት ቆርቆሮው ያሳልፋል፤ ምድር ካላገኘ በዩኤስቢ ኬብሉ መሸፈኛ በኩል እስከ ፍሬሙ ይደርሳል። መፍትሔው ኤሌክትሪሽያን ጠርቶ ምድሩን ማስተካከልና ሦስቱም መስመር ያለው ኤክስቴንሽን መጠቀም ነው። ዮኩ አሁንም የሚጠፋ ከሆነ ዊንዶውስ ውስጥ ዲቫይስ ማኔጀር ገብቶ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ የዩኤስቢ ሃቡን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ማንሳት፤ ፔዳል፣ ዮክና ትሮትል አንድ ሃብ ላይ ካሉ ደግሞ ሃቡ የራሱ ኃይል ያለው ይሁን።

ዮኩ ራሱ ከሰባተኛው ወር ጀምሮ መሀል ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ምክንያቱ ውስጡ ያለው ፖቴንሽዮሜትር (የመሪውን እንቅስቃሴ የሚለካው ክፍል) ነው፤ ብሩሹ በካርቦን መንገድ ላይ እየተፋተገ ይሄዳል፣ አቧራ ሲገባ ንባቡ ይዘላል። ኮንታክት ክሊነር ነፍቶ ሠላሳ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ማንቀሳቀስ ለሁለት ወር ያህል ያስታግሳል። የብሎን ማላቀቂያ ዘይት ግን አይነፋ፤ አቧራ ይሰበስባል። በማግኔት የሚሠራ ሆል ሴንሰር ያለው ዮክ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ለዮክ የሚጨመር ገንዘብ ካለ ለአዝራር ብዛት ሳይሆን ለዚህ ይጨመር። በፍላይት ሲሙሌተር ሴንሲቲቪቲው −30 በመቶ፣ ዴድ ዞኑ (መሪው ቢነካም ምላሽ የማይሰጥበት መሀል) 3 በመቶ ላይ ሲሆን መሀሉ ይለሰልሳል።

የትሮትሉ ሦስተኛዋ ቀይ እጀታ፣ ሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያ)፣ ለአዲስ አበባ አብራሪ ትርፍ አይደለችም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 7,600 ጫማ ገደማ ነው። የሴስና 172 (ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን) መመሪያ ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ሜዳ ሲነሱ ትሮትሉን ሙሉ ሰጥቶ ሞተሩ ከፍተኛውን ዙር እስኪያገኝ ሚክስቸሩን መሳብ ያዛል። አውቶ ሚክስቸር የሚለው እገዛ ሳይጠፋ እጀታዋ ጌጥ ናት። ቀይዋን ሙሉ ገፍቶ ከቦሌ የተነሳ ሰው አውሮፕላኑ ለምን እንደሚጎተት ያያታል።

ስክሪኑ ብዙ አያስወራም። የ43 ኢንች ቴሌቪዥን ስፋት 95 ሳ.ሜ ነው፤ ዓይን ከ90 ሳ.ሜ ሲያየው ወደ 55 ዲግሪ ይሸፍናል። 32 ኢንች ሞኒተር ከ70 ሳ.ሜ የሚሰጠው ይህንኑ ነው። የቴሌቪዥኑ ጌም ሞድ ካልበራ መሪው ዘግይቶ የሚመልስ ይመስላል። ለጭንቅላት መከታተያ በዌብካም የሚሠራው ነፃው ኦፕንትራክ በቂ ነው፣ መስኮት ከጀርባ ካልሆነና ፊት ላይ ብርሃን ካለ።

መብራት ሲጠፋ 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው የሚችለው። ኮምፒውተሩ ብቻ ይሰካበት፤ ቴሌቪዥኑ ሲጨመር በረራ ሴቭ ለማድረግ የሚሆን ደቂቃ አይተርፍም። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ሰፈር ፍላይት ሲሙሌተር 2024 መልክዓ ምድሩን እየሳበ ስለሚያመጣ ይደበዝዛል፤ በዚያ ቀን ኤክስ-ፕሌን 12 ይከፈታል።

እንደገና ቢሠራ አንድ ነገር ይቀየራል፦ የዮኩ ቋሚዎች ከመሠረቱ ጋር አይበየዱም፣ በሁለት ሁለት ብሎን ይታሰራሉ። አሁን ባለበት ወንበሩ ካልተፈታ በቀጭን ኮሪደር አይዞርም፤ ቤት የሚቀይር ተከራይ ደግሞ ቁጥር 14 ቁልፍ ይዞ ወንበር ሥር መተኛት አለበት።