የበቆሎ ዳቦ፦ በቆሎ ብቻ ወይስ ከስንዴ ጋር?

በወጪ ረገድ በቆሎው ብቻውን ይመረጣል፤ በአብዛኛው ገበያ ከስንዴ ይረክሳልና።

በአሠራር ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በቆሎ እንደ ስንዴ ሊጡን የሚያያይዝና አየር የሚይዝ ግሉተን ስለሌለው፣ ቢቦካም እንኳ ብዙ ኩፍ አይልም፤ ስለዚህ ከዱቄቱ ከፊሉን በፈላ ውኃ አሽቶ፣ ለብ ሲል ከቀሪው ጋር ማቡካት ያስፈልጋል፤ ይህን የዘለለ ሰው ሲቆርሰው የሚፈረፈር ዳቦ ያገኛል። ሊጡ ስለሚላላም ምጣዱ ላይ ኮባ አንጥፎ ማፍሰስና ከላይም በኮባ መሸፈን ይበጃል፤ ቅጠሉ እርጥበቱን ይጠብቃል፣ መዓዛም ይሰጣል፣ በዳቦው ጀርባ ላይም የቅጠሉ ሰረሰር ታትሞ ይቀራል፤ እኔ ይህን መልክ እጅግ እወደዋለሁ።

ግማሽ በግማሽ ከስንዴ ጋር የተቀላቀለው ግን በእርሾ ደኅና ይነሣል፣ በኦቨንም ሆነ በኤሌክትሪክ ምጣድ ያለ ብዙ ጭንቀት ይበስላል፣ በማግስቱም ቶሎ አይፈረፈርም።

ግሉተን የማይስማማው ሰው ባለበት ቤት ከሁለቱ የሚሆነው ያልተቀላቀለው የበቆሎ ዳቦ ነው፤ ይሁንና ወፍጮው ስንዴም የሚፈጭበት ከሆነ አደጋው አይቀርም። ከምጣድ እንደወጣ ከጎመንና ከአይብ ጋር ለሚቀርብ ማዕድ ያልተቀላቀለው፣ ለልጆች ምሳ ዕቃ ደግሞ ቅልቅሉ ይስማማል።